ሰርቨሩ ያላጸደቀው ጣሪያ

በሚመጣው ዘመን፣ ልጆቼ፣ የግል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያፈለቀውን ሐሳብ የግቢው ሰርቨር ሳያጸድቅለት እቤቱ እንኳ ቢሠራበት ይባረራል። ሰርቨሩ ደግሞ፣ ዕድሜ ለኔትወርኩ፣ ከተኛ ሰንብቷል። የግቢው በር ላይ ግን «የፈጠራ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ቦግ ብሎ ይበራል።

የዚያ ግቢ ተማሪ ቀጸላ የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን የምትደፍንበት መላ ካገኘች ክረምቱ ተጋመሰ። እናቷ ወይዘሮ አስካለ አልጋቸውን ከጥግ ጥግ እየጎተቱ ሌት ተቀን ይስላሉ።

«ምነው አትደፍኚውም፣ ልጄ?»

«ኔትወርክ የለም፣ እማዬ።»

«ኔትወርክ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?»

«ሐሳቤ አልጸደቀማ! ብሠራበት ያባርሩኛል፤ ለሰው ብናገረውም ያው ነው።»

ወይዘሮ አስካለ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። «እኔንስ ከየት ያባርሩኛል? በይ መሰላሉን ያዢ!»

እየሳሉ ወጡ። ቀጸላም ዝናቡ እየወረደባት፣ አፏን እንደዘጋች፣ ከታች በአገጯ ትጠቁማቸው ጀመር።