ፋኑ የሚያጓራው ኮምፒውተር

ትሕትና ማውሱን ይዛ ጥቂት እንደነካካች ነገሩ ገባት። ባለሱቁ «ተገጣጥሞ የመጣ፣ አዲስ» ያላት ዴስክቶፕ አዲስነቱ ሽፋኑ ላይ ብቻ ነበር። ስክሪኑ ላይ የከፈተችው ገጽ እንደሚያሳየው የውስጡ ዕቃ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ ፋኑም አቧራ የዋጠ ይመስል ያጓራል። በዚህ ማሽን ቦንጋ ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ እጀምራለሁ ማለት ዘበት ነበር።

ልትነግራቸው ወደ አባቷ ዞረች። ከማንኪራ መንደር አብረዋት የመጡት ንብ አርቢው አባቷ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን የኮምፒውተሩ ጎን ላይ ለጥፈዋል። ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲያዳምጡም እንዲሁ ናቸው። ንቡ የሳሳ ቀፎ ድምፁ አይሰማም፤ የሞላ ግን ያጓራል።

«ሙሉ ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

«አባዬ፣ እንዲህ መጮህ እኮ አልነበረበትም።»

«ዝም ያለ ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?» ተነሡና የባለሱቁን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁት። ባለሱቁ ትሕትናን ሳያያት «አሜን» አለ።

እሷ አሁንም አፏን ከፈተች። አባቷ ግን መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልነገርኩሽም እንጂ ቀፎዎቼን ሁሉ ለዚሁ ብዬ ሸጫለሁ። ከእንግዲህ ሳምንት ሳምንት እየመጣሁ እሱን አዳምጣለሁ።»

ትሕትና ስክሪኑ ላይ የከፈተችውን ገጽ ዘጋችው። አባቷ እንደገና ተንበረከኩ።