ድምፅሽ አልታወቀም

ፒካፑ ለሦስተኛ ጊዜ "ድምፅሽ አልታወቀም" አለኝና ለአንድ ሳምንት ተቆለፈ። የጭነቱ ክዳንም አብሮ ጥርቅም አለ።

ሌባ አይደለሁም፤ ባለቤቱ ነኝ። ትናንት ወንድሜን ደጀኔን ስቀብር ጮኼ አልቅሼ ድምፄ ስለተዘጋ ነው። በቀብሩ ላይ የጮህኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ለቀስተኛ ከንፈሩን መጥጦ ዝም አለ፤ ቤቱም ሱቁም የሚከፈትለት በድምፁ ነዋ! ክዳኑ ስር ደጀኔ በእጁ የለቀመው የመጨረሻ ቲማቲም አለ። ሳምንት አይቆይም።

ጎማውን በእርግጫ ስመታ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ መጡ። አምና አንድያ ልጃቸውን ቀብረዋል፤ ያን ቀን ትንፍሽ አላሉም።

"ይበስብስ፣ ተይው" አሉኝ። "አንቺስ ወንድምሽን አለቀስሽለት። እኔ ግን ቤቴ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ልጄን በዝምታ ሸኘሁት።"

"አሁን ቤትዎ ማን አለ?" አልኳቸው በሰለለው ድምፄ።

"ማንም። በሩን በድንጋይ አስደግፌ ክፍቱን ትቼው መጣሁ።"

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ከፒካፑ አጠገብ ቆመው የልጃቸውን ስም እየጠሩ ጮኹ።