ከደብረ ብርሃን በላይ

ጠዋት ትታው የወጣችው ደብረ ብርሃን ከአውሮፕላኑ መስኮት በታች ታያት። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ፣ የታመመች እናቷን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሳ ነበር የተሳፈረችው። ቀበቶዋን ፈታች፤ መልሳ አሰረችው።

"ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ቀረን?"

"ትንሽ ነው" አላት፣ "የራሴ ጉዳይ አለኝ" ብሎ አብሯት የመጣው አጎቷ።

"ጠዋት ስደውል ግን ለምን ከእሷ ጋር አላገናኙኝም? ድምፅዋን ብሰማ ምን ነበረበት?" ቀበቶዋን እንደገና ፈታች።

"ኧረ ተረጋጊ ልጄ! አንቺ ሳትደርሺ ከቤት አያወጧትም።"

እጇ ቀበቶው ላይ ቀረ። አጎቷ አፉን በመዳፉ ከደነ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። እሷ ደቂቃውን ደግማ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችው።