ረጅሙ ጓንት

የማጽጃ ፋብሪካው ቀላቃይ በኬሚስቱ ቢሮ ቆሞ ሁለቱን የጥንቃቄ መግለጫ ወረቀቶች ደርቦ በግራ እጁ ከመስኮቱ መስታወት ጋር አጣብቆ ያዛቸው። አንዱ የወለል ሳሙናው፣ ሌላው ትናንት መቀላቀል የጀመሩት የዝገት ማስለቀቂያ ነበር። ከስማቸው በቀር ፊደል በፊደል ገጠሙ። ሁለቱም «ስስ ጓንት ይበቃል» ይላሉ። ትናንት ማስለቀቂያውን በስስ ጓንት ሲቀላቅል የቆሰለውና በጨርቅ የተጠቀለለው ቀኝ እጁ ግን እንደ ፍም ያቃጥለው ነበር።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለው ኬሚስቱን። ኬሚስቱ የእህቱ ባል ነው።

«እንዴ ጋሼ! ለተመሳሳይ ነገር አንድ ወረቀት ይበቃል እኮ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ሁለቱም ማጽጃ ናቸው፣ መንታ በላቸው። ያንተ ቆዳ ነው እንደ ሙሽራ የሚሞላቀቀው።»

ቀላቃዩ ሊያምነው ፈለገ። ሰው ይሳሳታል፤ ስሕተት ደግሞ ይቅር ይባላል። ታች ያሉት ሠራተኞች ግን ከምሳ መልስ መቀላቀሉን ሊቀጥሉ ነው። ይዞት የመጣውን የዝገት ማስለቀቂያ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲያው ክፈተውና አሳየኝ።»

«ለዚህ ነው እንዴ? አሁኑኑ!» ኬሚስቱ እየሳቀ መሳቢያውን ሳበ፤ እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አውጥቶም፣ እንደ ለመደው፣ በሁለቱም እጆቹ አጠለቀ። ክዳኑን ሊያዞር ሲል የቀላቃዩ ዓይን የት እንዳረፈ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይኸውልህ...»

«እህቴን ‹እመኚው› ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ቀላቃዩ። በደህናው እጁ ጀሪካኑን አነሣና ሠራተኞቹ ስስ ጓንታቸውን ሳያጠልቁ ሊደርስላቸው ደረጃውን ወረደ።