የስንብት ጽሑፍ

«ዛሬን ብቻ ቆይ ነው ያልኩህ!» አለች አልጋነሽ።

«አንድ ሰዓትም አልቆይ! እዚህ መንደር ውሸትና ጥላቻ ብቻ ነው። ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም» አለ ባሏ ስልኩን እንደያዘ።

«ባለፈው ሳምንት ሕሊናህ የት ሄዶ ነበር?»

የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ ቢረሳው በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያፍተለትላል። «ጋሼ፣ ገጹን ነገ ይዝጉት። አሥራ ስምንት ሺህ ሰው ነው የሚከተልዎት።»

«ለዚህ እኮ ነው የምወጣው፣ ልጄ። ሰው አርአያ ይፈልጋል።»

የስንብት ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሳያጣሩ ስለሚለጥፉ ሰዎች፣ በከንቱ ስለሚጠፋ ስም የሚናገር ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ከለጠፈው በኋላ ሻዩን እስኪጨርስ ጠበቀና ገጹን ዘጋ።

«ቀለለኝ» አለ።

ቢረሳው የራሱን ስልክ አውጥቶ አየ። ሰዎች ገልብጠው የወሰዱት ፎቶ አሁንም ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ጋሼ በመስኮት አንስተው ገጻቸው ላይ የለጠፉት ነው፤ ቢረሳው የምታለቅስ የእህቱን ልጅ እጇን ይዞ ይታያል። ከሥሩ «ሕፃን ሰራቂ ነው፣ ተጠንቀቁት» ይላል።

«ጋሼ፣ ‹ተሳስቼ ነው› የምትለዋን መስመር ዛሬ እጽፍልሃለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ውይ!» አለ ሰውየው ከልቡ አዝኖ። «አሁን እኮ የምጽፍበት የለኝም።»

አልጋነሽ ምሳ አቀረበች። ቢረሳው የሰርቪሱን ቁልፍ ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረ፤ ደጅ ያስቀመጠውን ጥቅል ፍራሽ ተሸክሞ ወጣ።

«ጨው አንሶታል» አለ ባልየው።