ወደ ታች የወረደው ጥለት

ሚናስ ነጠላውን በታደሰው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ እማማ ብርነሽ በስደት ሰፈራቸው በሬኒየር ቫሊ ያለችውን ትንሽ የመታሰቢያ ጋለሪ በር ከፍተው ገቡ። ነጠላው የእሳቸው ነው፤ ጦርነት ለበላው ልጃቸው ሐዘን የለበሱት። ለጋለሪው ሲሰጡ፣ «ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ የምትገለብጡት ጦርነቱ ሲያበቃ ነው» ብለው አስምለውት ነበር። ሚናስ ቀና ብሎ ሲያይ ጥለቱ ወደ ታች ነው። ለምርቃቱ ሲጣደፍ ገልብጦታል።

«ይቅርታ እማማ፣ አሁኑኑ ፊክስ አደርገዋለሁ» ሊል እጁን ወደ ነጠላው ዘረጋ።

እማማ ብርነሽ ቦርሳቸውን ለቀቁት። ሚናስ ሊቆጡ ነው ብሎ መሰላሉን ጨበጠ። ፊታቸው ግን ቀስ እያለ በራ።

«አበቃ እንዴ ልጄ?» አሉ። «እኔ እኮ ዛሬ ዜና ሳልሰማ ነው የወጣሁት።»