ጳጉሜ ስድስት

የክትባት ቀጠሮ የምታሰላው ትንሽዬ የኮድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ቁራጭ ኮድ) አርጅታለች። ፕሮግራመሯ የታዘዘችው ስልክ ላይም እንድትሠራ አድርጋ እንደገና እንድትጽፋት ነበር። ኮዱ ልክ መሆኑን ከሚፈትሹት ቴስቶች ሁለት መቶ አሥሩ አለፉ። አንዷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እሺ በጄ አልል አለች፤ ጳጉሜ ስድስት ለተወለደች ሕፃን ቀጠሮ ካልወጣላት ትላለች። በሌሎቹ ቴስቶች ያሉት ሕፃናት "ልጅ አንድ"፣ "ልጅ ሁለት" ሲባሉ ይቺ ብቻ "ሶስና" ትባላለች።

"ቁጥር መስጠት እንኳ ያቃተው ሰው!" አለች በንዴት።

አለቃዋ በበሩ ብቅ አለ። "እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰ ጉዳችን ነው። ሰርዣትና እንገላገል።"

ልትሰርዛት ስትል ንዴቷ አልወጣላት አለ። ላይብረሪዋን ጽፈው፣ በኋላ መሥሪያ ቤቱን ወደለቀቁት ሰውዬ ደወለች።

"ጋሽ ምንተስኖት፣ ጳጉሜ ስድስት በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ለመሆኑ ስንት ልጅ ቢወለድበት ነው እንዲህ የሚያለፉኝ? ቴስቷን ልሰርዛት ነው።"

"እኔ የማውቀው አንድ" አሉ። "ከኔ በፊት የነበረው ፕሮግራም 'እንዲህ የሚባል ቀን የለም' ብሎ ስሟን ከቀጠሮው ሰረዘው። እኔና እናቷም ይጠሩናል ብለን ስንጠብቅ ኩፍኝ ቀደመን።"

ጣቷ የመሰረዣው ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀረ።

"የኔ ልጅ" አሉ ጋሽ ምንተስኖት፣ "ሶስናን ሁለተኛ አትሰርዙብኝ።"